ሰፊያ የሚለው ስም

ደሴ፣ ሮቢት ሰፈር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጥግ፣
ጋሽ አራጌ አለ፣ ዋንዛ ሲፍቅ፣ ሲልግ።
አርባ ዓመት ሙሉ፣ በአንዲት ግድግዳ፣
እሱና ወፍጮው ጎረቤት እንጂ እንግዳ
ሆነው አያውቁም፤
አንዱ እያዜመ፣ አንዱ እያጓራ፣ ተኳርፈው አያውቁም።

ትናንት ወደኔ መጣ። ጆሮ መርማሪ ነኝ።
ኮፍያውን አወለቀ፤ ዙሪያውን አይቶ ጠየቀኝ፦
«ሰው ዘንድሮ ምን ነካው? ሁሉ ይንሾካሾካል፤
የልጅ ልጄንስ ስም ማን ቆርጦ ወስዶታል?»
የልጅ ልጁ ሰፊያ ናት።
ይሰማዋል ሲጠሯት፤
«ኢያ» ብቻ። የስም ጅራት።

ማዳመጫውን ደፋሁለት፤ «ስትሰማ እጅህን አንሣ።»
በሰከንድ ሁለት መቶ አምሳ ንዝረት። ተነሣ።
አምስት መቶ። ተነሣ። አንድ ሺህ። ዘግይቶ።
ሁለት ሺህ። ጣቱ ብቻ፣ እንደ ሌባ ፈርቶ።
አራት ሺህ ላይ እጁ ጉልበቱ ላይ ተኝቶ
ቀረ። እሱ መስኮቱን ያያል፣ የጦሳን ጉም፤
ድምፁ እንደ ትንኝ ደጁ ቆሞ ይጣራል፣ የሚከፍት ግን የለም።

«የቱ ጋ ነው የተሰበረው? ሰሪ ነኝና አትደብቂኝ።
እንደ ማሲንቆ ፍቺና አስረጂኝ።»
ፈታሁለት።

ቀስት ጭራውን ሲነካ ጭራው ይርገበገባል፣
ያጠገቡን አየር ይገፋል፣ መልሶም ይስባል፤
የተገፋውም ቀጣዩን፣ ቀጣዩም የሚቀጥለውን።
አየሩ እዚያው ነው፤ ወሬው ነው የሚሄደው፣
እንደ ሰኞ ገበያ፦ ሰዉ ቆሞ በገብስ ዋጋ ሲሟገት፣
ሐሜቱ ቦርከናን ተሻግሮ ኮምቦልቻ ሲገባ በቅጽበት።
ጭራውን ብታጠብቀው፣ በጣትህ ብታሳጥረው፣
ምልልሱ ይፈጥናል፤ «ቀጠነ» የምትለው ያ ነው።
ጭራ ለብቻው ደካማ ነው፣ ብዙ አየር አይገፋም፤
ሳጥኑና ቆዳው ናቸው...
«ይህንስ ለእኔ አትንገሪኝ» አለ፣ «እሱ እንኳ አይጠፋኝም።»

ጆሮህም ቆዳ አለው፣ እንደ ሳጥንህ የተወጠረ፣
ከኋላው ሦስት አጥንት፤ ትንሹ ከስንዴ ፍሬ ያጠረ።
እነሱ የሚያንኳኩት ቀንድ አውጣ፣ ውሃ የሞላበት፣
ውስጡም ጭራ፣ ከጭራ የደቀቀ ጭራ፣ የተተከለበት።
ቀጭን ድምፅ የሚሰማው ደጃፉ ላይ፣ ወፍራሙን የሚሰማው ጓዳ።
ወፍጮው አርባ ዓመት የረገጠው ደጃፉን ነው፣ ዘልቆ ግድግዳ።

«ጭራማ ምን ችግር አለው!» ብሎ ሳቀ ጋሽ አራጌ፤
«የጃማ ፈረስ ሞልቷል፤ እነቅላለሁ፣ እቀይራለሁ ከራስጌ እስከ ግርጌ።»
ዝም አልኩ።
የጆሮ ጭራ አይቀየርም፤ ከወደቀ አይበቅልም።
ይህን አላልኩም።
እሱ ግን ዝምታዬን ሰማው፤
ወፍራም ነበር መሰለኝ፣ ጓዳው ድረስ ገባው።

«ሰፊያ» አለ። ክር እንደሚሞክር፣ ቀስ ብሎ።
ሙሉውን አለው፣ «ሰ»ን ከ«ፊ» አስተካክሎ።
ከአፉ ወጥቶ፣ በጆሮው ጥግ አልፎ፣ ወደኔ መጣ፤
ለእሱ ግን «ኢያ» ብቻ ነበር፣ ከገዛ አፉ እንኳ ሲወጣ።

ሲሰናበተኝ ጥንድ የጆሮ ውታፍ ሰጠሁት፣ ቢጫ ስፖንጅ፤
«የቀረውን ጭራ ጠብቅበት።» አመስግኖ ወሰደ እንጂ
ዛሬ በሮቢት ሳልፍ፣ በወፍጮው ልጅ፣ በሙሄ ጆሮ አየሁት፣
ዱቄት ለብሶ።
«የእሱ ገና ሙሉ ነው» አለኝ ጋሽ አራጌ፣ ቀስቱን ሙጫ እየቀባ፣
ቀና እንኳ ሳይል።

ሰፊያ ከትምህርት ቤት መጣች። አልተጣራችም።
ቦርሳዋን አወረደች፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን
ማሲንቆ ቆዳውን በጣቷ መታችው፣ ሁለቴ፦
ድም፣ ድም።

«አቤት» አለ።